ቀሪዋ ሠላሳ ደቂቃ፦ የአቶ ቦሁሚል ሃቭራኔክ የሕይወት ታሪክ (1953–1999)

አብዛኞቻችን “ጋሼ ቦሁሚል” እያልን የምንጠራቸው አቶ ቦሁሚል ሃቭራኔክ፣ ከአባታቸው ከአቶ ቫጽላቭ ሃቭራኔክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሉድሚላ፣ በቀድሞዋ ቼኮዝሎቫኪያ በሞራቪያ ምድር፣ ዚብሮቭ በምትባል አነስተኛ ከተማ መጋቢት 9 ቀን 1953 ተወለዱ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ጋሼ ቦሁሚል አማርኛውን እንደምንም ቢለምዱም የእኛን የቀንና የሰዓት አቆጣጠር ግን እስከ መጨረሻው እንቢ ብለዋልና፣ በሕይወት ታሪካቸው ላይ ልናስቸግራቸው አልፈለግንም።

አባታቸው በባቡር ጣቢያ ሐዲድ የሚቀይሩ ሠራተኛ ነበሩ። አንዲት ደቂቃ ቢሳሳቱ ሁለት ባቡር የሚያጋጩ ሰው ስለነበሩ፣ ቤታቸው ውስጥ “ትንሽ ቆይቼ” የሚባል ነገር አይታወቅም ነበር። ጋሼ ቦሁሚል ሰዓት አክባሪነትን የወረሱት ከእርሳቸው ነው። በዚህች ጉባኤ ውስጥ አምልኮ በዐሥር ሰዓት ይጀመራል ሲባል በዐሥር ሰዓት የሚገኙ ሁለት ሰዎች ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንደኛው ቁልፍ የያዘው ወንድም፣ ሁለተኛው ጋሼ ቦሁሚል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በተወለዱበት ከተማ የመጀመሪያና የመካከለኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታትለው፣ ከ1968 እስከ 1971 በቴክኒክ ትምህርት ቤት የብረት ሥራ ሙያ ተምረዋል። በዐሥር ዓመታቸው የከተማውን የሕፃናት ቡድን ተቀላቅለው፣ በዐሥራ ስምንት ዓመታቸው ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ለሚያስተዳድረው ለስፓርታክ ዚብሮቭ ዋናው ቡድን ፈረሙ። በዚያን ዘመን በዚያ አገር “ፕሮፌሽናል” የሚባል ነገር በወረቀት ላይ አልነበረምና፣ በፋብሪካው መዝገብ የማሽን ጠጋኝ ተብለው ሰፈሩ። እውነቱን ለመናገር በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ማሽኑን ያዩት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱም ፎቶ ለመነሳት ነበር።

የተጫወቱት በመሐል ሜዳ ነው፤ ማልያቸውም ስምንት ቁጥር ነበር። ኳስ የማያዘወትሩ እናቶችና እህቶች እንዲረዱት ያህል፦ ጎል ያገባ ይጨበጨብለታል፣ ጎል የገባበት በረኛ ይሰደባል፤ የመሐል ሜዳ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ውሎ ማንም ልብ ሳይለው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጋሼ ቦሁሚል ይህን ሥራ ይወዱት ነበር። ኳስ እግራቸው ሥር ከአንድ ትንፋሽ በላይ አትቆይም፤ ከመምጣቷ በፊት የት እንደምትሄድ ወስነው ነው የሚጠብቋት። የወታደር አገልግሎታቸውን ጨርሰው በ1975 ከተመለሱ በኋላ ቡድናቸው በ1977 ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን አደገ። በተከታዩ ዓመትም ለብሔራዊ ቡድኑ ዝግጅት ከተጠሩት አንዱ ሆኑ። ሰባ ሺህ ሰው ከሚኖርባት ከተማ የተጠሩ ብቸኛው ሰው እርሳቸው ነበሩ፤ ዳቦ ቤት ሲገቡ ተራ እንዲይዙ የሚፈቅድላቸው አልነበረም።

በ1979 መጸው በቀኝ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ክፉ ጉዳት ደረሰባቸው። እግዚአብሔር ግን ሥራውን ያውቃል። በዚያ ክሊኒክ ለልምምድ የተመደቡት፣ በስኮላርሺፕ ከአዲስ አበባ ሄደው ፊዚዮቴራፒ ይማሩ የነበሩት ወይዘሪት ጥሩወርቅ ነበሩ። ቁርጭምጭሚቱ በሦስት ሳምንት ዳነ። ባለ ቁርጭምጭሚቱ ግን ለተጨማሪ ሁለት ወር “ያመኛል” እያሉ ተመላለሱ። በመጨረሻ ወይዘሪት ጥሩወርቅ ራሳቸው፣ “ይህ እግር ጤነኛ ነው፤ ሌላ ጉዳይ ካለህ ተናገር” አሏቸው። ጉዳያቸውን ተናገሩ። ሰኔ 12 ቀን 1982 በዚብሮቭ ማዘጋጃ ቤት ጋብቻቸውን ፈጸሙ።

የቡድኑ ሹማምንት ይህን ጋብቻ አልወደዱትም። የውጭ ዜጋ ያገባ ተጫዋች ወደ ውጭ አይላክም ተባለ፤ ጋሼ ቦሁሚልም ለብሔራዊ ቡድን ዳግመኛ አልተጠሩም። በ1983 መጀመሪያ ላይ ባልና ሚስቱ ከአገር ለመውጣት በሕጋዊ መንገድ አመለከቱ። ማመልከቻው ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ወራት አለፉ፤ የሊጉ የመጨረሻ ጨዋታም ደረሰ።

የዚያች ቀን ነገር በቤታቸው ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለተነገረ፣ ልጆቻቸው ናሆሚና ማትያስ በቃላቸው ያውቁታል። ሰኔ 18 ቀን 1983 ነው። ስፓርታክ ዚብሮቭ ካሸነፈ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫ ያነሣል። ጨዋታው አንድ ለአንድ ነው፤ ዚብሮቭ ተጭኖ እየተጫወተ ነው፤ ጋሼ ቦሁሚልም በሕይወታቸው እንደዚያን ቀን ተጫውተው አያውቁም። በስድሳኛው ደቂቃ ላይ የቡድኑ ጸሐፊ ከክብር ትሪቡኑ ወርደው ለአሠልጣኙ በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት። ስምንት ቁጥር ያለበት ሰሌዳ ወጣ። አልተጎዱም፣ አልደከሙም፤ የሚቀይራቸው ልጅ ገና የጫማውን ክር እንኳ አላሰረም ነበር። ጋሼ ቦሁሚል ወጡ። ዚብሮቭ ጎል ገብቶበት ዋንጫውን አጣ። በማግሥቱ የጋሼ ቦሁሚል የተጫዋችነት መታወቂያ ተነጠቀ፤ ከዚያ ወዲያ በአገራቸው ሜዳ ላይ አልቆሙም። ቡድኑ በኋላ ባሳተመው የመታሰቢያ መጽሔት ላይ የዚያን ቀን ተሰላፊዎች ዝርዝር ሰፍሯል፤ ስሞቹ ዐሥር ብቻ ናቸው።

ጋሼ ቦሁሚል ቂም የሚይዙ ሰው አልነበሩም። ጸሐፊውን ሲረግሙ የሰማቸው የለም። ነገር ግን ስለ ኳስ ሕይወታቸው የጠየቃቸው ሰው ሁሉ፣ እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪም ሆነ ሌላ ቦታ፣ አንድ መልስ ብቻ ያገኝ ነበር፦ “ገና አልጨረስኩም። ሠላሳ ደቂቃ ይቀረኛል።”

በኅዳር 1984 የመውጫ ፈቃዱን አግኝተው በቪየና በኩል አልፈው፣ ጥር 22 ቀን 1985 ካልጋሪ ገቡ። አየር ማረፊያ የተቀበላቸው የባለቤታቸው ታላቅ ወንድምና የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሆነው መንገሻ ነው። መንገሻ አማቹን በዓይኑ ሲያይ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ቋንቋ ስላልነበራቸው በፎረስት ሎን ወደሚገኘው አፓርታማ እስኪደርሱ ድረስ መኪና ውስጥ በእጃቸው ስለ ኳስ አወሩ።

ጋሼ ቦሁሚል በካልጋሪ ሥራ አልመረጡም። መጀመሪያ በትምህርት ቤት ጽዳት፣ ከ1987 ጀምሮ ደግሞ በአውቶቡስ ጋራዥ ረዳት ሆነው ሠሩ። በ1989 የመካኒክነት ላይሰንሳቸውን አውጥተው እስከ ሕመማቸው ድረስ በዚያው ቆይተዋል። በወረቀት ላይ ብቻ የነበረው ማሽን ጠጋኝነት በመጨረሻ እውነት ሆነ እያሉ ይስቁ ነበር። በ1986 ሴት ልጃቸው ናሆሚ፣ በ1989 ወንድ ልጃቸው ማትያስ ተወለዱ። በ1991 ሞንተሬይ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ቤት ገዙ። ጌታን የግል አዳኛቸው አድርገው ተቀብለው በ1990 በዚህች ጉባኤ ተጠምቀዋል። ከዚያ በፊት አምስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳይሰሙ የሁለት ሰዓት ስብከት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ተከታትለዋል፤ ከእኛ መካከል እየሰማን ከምናንቀላፋው ይልቅ የእርሳቸው ትዕግሥት እንደሚበልጥ ፓስተራችን ደጋግመው መስክረዋል።

አሁን ወደ ትልቁ ሥራቸው እንመጣለን።

በ1993 ጸደይ የጉባኤያችን ወጣቶችና የሰፈር ጓደኞቻቸው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተሰባስበው “አዋሽ” የሚል የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ። በከተማው ሰሜን ምሥራቅ የበጋ ሊግ የመጨረሻው ዲቪዚዮን ተመዘገቡ። አምበሉ መንገሻ ነበር። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ስለ ራሱ እውነቱን መጻፍ ካለበት፣ ያን ጊዜ አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ሆዱም ከእርሱ ቀድሞ ሜዳ ይገባ ነበር። አዋሽ በዚያ በጋ ዐሥር ጨዋታ ተጫውቶ ዘጠኙን ተሸነፈ። ዐሥረኛው እኩል የወጣው ተጋጣሚው ሰባት ሰው ብቻ ይዞ ስለመጣ ነው።

ወጣቶቹ አሠልጣኝ እንዲሆኗቸው ለመኗቸው። ጋሼ ቦሁሚል ወዲያው እሺ አላሉም፤ በቅድሚያ ማርቲንዴል ሜዳ ዳር ወንበር ዘርግተው ተቀመጡና አንድ ልምምድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዝምታ እየጻፉ ተመለከቱ። ሲያልቅ ልጆቹን ሰበሰቡ። ወረቀታቸው ላይ መስመሮች አሥምረው ነበር፤ መስመሮቹ ሁሉ የሚሄዱት ወደ አንድ ሰው ነው።

“ሁሉ ኳስ ወደ መንገሻ። ለምን? መንገሻ ከሁሉ ጎበዝ ነው?” ብለው ጠየቁ።

ልጆቹ መሬት መሬት አዩ። በመጨረሻ ክንፍ የሚጫወተው አቡበከር ደፈረ። “ኖ ኮች፣ እንደዛ አይደለም። ጋሼ ናቸው እኮ! እጃቸውን አንስተው ሲጠሩኝ እንዴት አልሰጥም? ሩድ ይሆንብኛል።”

“መንገሻ በልምምድ ሲገጥማችሁስ? ለምን ኳሱን ከእግሩ የሚነጥቅ የለም?”

ይኼኔ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ጌዲዮን፣ ያን ጊዜ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ “አንድ ቀን ታክል አድርጌያቸው ነበር” አለ። “ማዘር ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም።”

ጋሼ ቦሁሚል ሣሩ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ግን ሳቁን ተዉት። ይህን ባህል እንደ ኋላቀርነት ቆጥረው ሊያጣጥሉት ይችሉ ነበር፤ እርሳቸው ግን በሚስታቸው ቤተሰብ ውስጥ ታናሽ ለታላቅ ሲነሣ፣ ታላቅም ታናሹን ሲመርቅ አይተው የወደዱት ሰው ናቸው። ስለዚህ አላፈረሱትም፤ ቦታ ሰጡት። በማግሥቱ ሁለት ሕግ አወጡ። አንደኛ፣ ሜዳ ሲገባ “ጋሼ” የሚለው ነገር ሜዳ ዳር ከቦርሳ ጋር ይቀመጣል፤ ሜዳ ውስጥ ሰው ሁሉ በማልያ ቁጥሩ ይጠራል። ሁለተኛ፣ የመጨረሻው ፊሽካ እንደተነፋ እያንዳንዱ ታናሽ ወደ ታላቁ ሄዶ እጅ ይነሣል፤ “ጋሼ”ም ከቦርሳው ይወጣል።

ይህ ሕግ በማኅበረሰባችን ያስነሣው አቧራ የሚረሳ አይደለም። በመጀመሪያው ግጥሚያ ላይ ጌዲዮን ወድቆ የተኛውን አምበሉን “ስድስት! ተነስ እንጂ፣ ምን ትተኛለህ!” ብሎ ሲጮህ፣ እናቱ ከመቀመጫዋ ተነሥታ “ውይ፣ በሞትኩት!” ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሽማግሌዎች ለጉዳዩ ስብሰባ ጠሩ። “ኳስ ብላችሁ ልጆቻችንን ባለጌ አደረጋችኋቸው” የሚል ክስ ቀረበ። ጋሼ ቦሁሚል በስብሰባው ላይ ብዙ አልተናገሩም፤ ሽማግሌዎቹን አንድ ጨዋታ እስከ መጨረሻው ድረስ ቆይተው እንዲያዩ ብቻ ለመኑ። አዩም። ፊሽካው ተነፋ፤ ያ “ስድስት! ስድስት!” ሲል የዋለ ልጅ ሮጦ መጥቶ ከመንገሻ ፊት ጎንበስ አለና ቦርሳውን ተሸከመለት። ክሱ በዚያው ቀረ።

መንገሻም በ1994 አጋማሽ በአማቹ ትእዛዝ ወደ ተቀያሪ ወንበር ተዛወረ። ለሦስት ቀን አኮረፈ፤ በአራተኛው ቀን የቡድን መሪ ተብሎ ሹመት ተሰጠውና ታረቀ። ሹመቱ ውኃ ማመላለስና የተጫዋቾቹን የሥራ ሺፍት መከታተል ነበር።

አዋሽ በ1994 አምስት ጨዋታ አሸነፈ። በ1995 ዲቪዚዮኑን በሦስተኛነት ጨርሶ አደገ። በ1996 ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ጋሼ ቦሁሚል በየጨዋታው ወረቀት መጨረሻ ላይ የራሳቸውን ስም በተቀያሪነት ያስመዘግቡ ነበር፤ ቁጥር ስምንትን የሚለብሰው ሀይሉ ስለነበር ከስማቸው ጎን ቁጥር አልነበረም። “ለክፉ ቀን” ነው የሚሉት። ለምን እንደሆነ ግን ቤተሰቡ ያውቅ ነበር። መንገሻ ብዙ ጊዜ፣ “እየመራን ነው፣ ግባና ሠላሳ ደቂቃህን ተጫወት” ብሏቸዋል። አልገቡም። “እኔ ከገባሁ ልጆቹ ኳሱን ሁሉ ለእኔ ይሰጣሉ። ያስተማርኳቸው ሁሉ ገደል ይገባል” ይሉ ነበር። ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው ሜዳውን ነበር የሚያየው፤ ምን ያህል እንደሚያምራቸው ግልጽ ነበር። ዓመታቸውም እየሄደ ነበር፤ አርባ አራት ሞልቷቸው ጉልበታቸው ደረጃ ሲወጡ ይንቋቋ ጀመር።

ነሐሴ 23 ቀን 1997፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አዋሽ ለሊጉ ዋንጫ ከጎረቤቷ ከኤርድሪ ከተማ ቡድን ጋር ተገናኘ። ኤርድሪዎች ሦስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን የወሰዱ፣ ቁመታቸው የመብራት ምሰሶ የሚያክል ልጆች ነበሩ። ዮናታን የሚባለው ተጫዋች የሥራ ሺፍቱን መቀየር አቅቶት ቀረ፣ ሌላው ታመመ፤ አዋሽ በዐሥራ አንድ ተጫዋችና በአንድ የወረቀት ተቀያሪ ሜዳ ገባ። ኤርድሪዎች ቀድመው አገቡ፤ ጌዲዮን ከዕረፍት በፊት አቻ አደረገ። በሃምሳ ስምንተኛው ደቂቃ ሀይሉ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱን ያዘ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሮጠው ገብተው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

አንድ ለአንድ ነው። ሜዳው ዳር የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሀይሉ እያነከሰ ወጥቶ ስምንት ቁጥር ማልያውን አወለቀና በሁለት እጁ ሰጣቸው። ጋሼ ቦሁሚል ማልያውን ለበሱ። ዳኛው ሰዓቱን አይቶ በወረቀቱ ላይ ስድሳኛ ደቂቃ ብሎ ጻፈ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ መንገሻን ክንዱን ጨምድደው ይዘው፣ “ጋሼ፣ ስድሳኛው ደቂቃ እኮ ነው! ያችው ሰዓት ናት!” አሉት። 

የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ጥፋት ነበሩ። የፈሩት ደረሰ። አራት ዓመት የሠለጠኑ ልጆች አሠልጣኛቸው ሜዳ መግባታቸውን ሲያዩ ሁሉን ረሱት፤ ኳሱን አገልግል እንደሚያቀርብ ሰው በአክብሮት ለእርሳቸው እያቀረቡ ወደ ኋላ ይሸሹላቸው ጀመር። ሁለት ጊዜ ተነጠቁ። በሁለተኛው የኤርድሪ አጥቂ የመታው ኳስ ከጎሉ ቋሚ ተላትሞ ተመለሰ። ይኼኔ ጋሼ ቦሁሚል በሜዳው መሐል ቆመው፣ ሜዳው ዳር ያለው ሕዝብ ሁሉ እስኪሰማ በአማርኛ ጮኹ፦

“ጋሼ ቦርሳ ውስጥ ነው! እኔ ስምንት ነኝ!”

ልጆቹ እንደ ነቃ ሰው ሆኑ። ከዚያ በኋላ ያየነውን እግር ኳስ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በሕይወቱ ደግሞ አላየም። ኳሷ መሬት ለመሬት፣ ከእግር እግር፣ አንዳንድ ንክኪ። ያ ከስታዲየም የወጣው የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ፣ ዐሥራ አራት ዓመት የትም ሳይሄድ ቆይቶ ማርቲንዴል ላይ ተመለሰ። ብዙ አልሮጡም፤ መሮጥ አላስፈለጋቸውም። ኤርድሪዎች ኳሷን እንጂ እርሳቸውን ማየት አልቻሉም ነበር።

በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ኳስ መሐል ላይ ነጠቁና ለጌዲዮን ሰጡ። ሰጥተውም አልቆሙም፤ ያ የሚንቋቋ ጉልበት እንዴት እንደታዘዘላቸው ጌታ ይወቅ፣ በቀጥታ ወደ ጎሉ ገሰገሱ። ከዚያም ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው አነሡ። በአራት ዓመት ውስጥ ማንም እጅ አንሥቶ ኳስ እንዳይለምን የከለከሉት እርሳቸው ነበሩ። ሰው ናቸውና፣ ጎሏን ፈለጓት። ሜዳው ዳር የነበረ ሰው ሁሉ ፈለገላቸው። ናሆሚ “ጊዲ፣ ለዳዲ! ለዳዲ ስጠው!” እያለች ትዘል ነበር። ክስ ያቀረቡት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ “ለጋሼ ስጥ!” እያሉ ጮኹ። መንገሻም ጮኋል፤ አይክድም።

ጌዲዮን ቀና ብሎ አየ። እጃቸው ተነሥቷል። ሁለት ረጃጅም ተከላካዮችም ያንን እጅ አይተው ወደ እርሳቸው ተጠግተዋል።

“ስምንት! ዞር በል!” አለ ጌዲዮን፤ ኳሷንም ማንም ልብ ወዳላለው ወደ ግራው ክንፍ ላከ። አቡበከር ብቻውን ነበር። በግራ እግሩ፣ በአንድ ንክኪ፣ ከበረኛው እጅ ሥር ሰደዳት። ሁለት ለአንድ።

ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ያስታውሰዋል። ፓስተራችን የጫማቸው አንድ እግር የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አያውቁም። ከሦስት ደቂቃ በኋላ የመጨረሻው ፊሽካ ተነፋ፤ አዋሽ ሻምፒዮን ሆነ።

ሁሉ ሲጨፍር ጌዲዮን ግን ወደ ጭፈራው አልሄደም። አንገቱን ደፍቶ ወደ ጋሼ ቦሁሚል ሄደና ጎንበስ አለ። “ጋሼ፣ ሶሪ፤ በእውነት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጎሏ የእርስዎ ነበረች።”

ጋሼ ቦሁሚል ሁለት ጉንጩን በእጃቸው ያዙት። እያለቀሱ ነበር። “እኔ ተሳሳትኩ፣ አንተ ትክክል” አሉት። “አራት ዓመት ያስተማርኩት ይህችን ነው። ብትሰጠኝ ኖሮ ከቡድኑ አባርርህ ነበር!” ከዚያ ሁለቱም ሳቁ።

ዳኛው ወረቀቱን ሲፈርም ጋሼ ቦሁሚል ልያት ብለው ለመኑት። ከዐሥራ አንዱ ተሰላፊዎች ቀጥሎ ስማቸው ተጽፏል፤ ቁጥር ስምንት፣ የገቡበት ስድሳኛ ደቂቃ፤ የወጡበት የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ደጋግመው አነበቡት። ወደ ባለቤታቸው ዞረው በቼክኛ አንዲት ቃል ተናገሩ፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሲተረጉሙልን “ጨረስኩ” ማለት ነው። የዚያች ወረቀት ቅጂ በዚህ ፕሮግራም የጀርባ ገጽ ላይ ታትሟል። ናሆሚ ዐሥሩ ስሞች እንዲታረሙ ለዚብሮቭ ቡድን ደብዳቤ ልጻፍ ብትላቸው፣ “ተይው፤ ያቺ አንዷ ወረቀት ትበቃኛለች” ብለዋታል።

በ1998 አዋሽ ዋንጫውን አስጠብቋል፤ እርሳቸው ግን ዳግመኛ አልተጫወቱም፣ በተቀያሪነትም አልተመዘገቡም። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የጣፊያ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሐኪሙ ምናልባት ስድስት ወር ይኖራሉ ሲላቸው፣ አብሯቸው የነበረው መንገሻ ፊቱን አዞረ። እርሳቸው ግን ሐኪሙን አጽናኑት። “እኔ ሙሉ ዘጠናውን ተጫውቻለሁ። ይህ ጭማሪ ሰዓት ነው” አሉት። ጭማሪውንም ዐሥር ወር አደረጉት። ሜዳ ዳር በወንበራቸው እየተገኙ፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጥለው፣ እስከ ነሐሴ ድረስ ቁጥር እየጠሩ ተቆጡ። ማልያቸው ተሰቅሎ እንዳይቀመጥ አዘዋል፤ “ለሚሮጥ ስጡት” ብለዋልና፣ ስምንት ቁጥርን ከመጪው በጋ ጀምሮ ጌዲዮን ይለብሳል።

በሐኪምና በቤተሰብ ሲረዱ ቆይተው፣ ሐሙስ መስከረም 16 ቀን 1999፣ ሞንተሬይ ፓርክ በሚገኘው ቤታቸው፣ ቤተሰባቸው እየዘመረላቸው፣ በተወለዱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው ወደሚወዱት ጌታ ተሰብስበዋል።

ጋሼ ቦሁሚል ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩወርቅን፣ ልጆቻቸውን ናሆሚንና ማትያስን፣ በዚብሮቭ የሚኖሩትን እናታቸውን ወይዘሮ ሉድሚላን፣ አማቻቸውን መንገሻን፣ እንዲሁም በዚህ አዳራሽ በግራ በኩል ማልያ ለብሰው የቆሙትን ሃያ ሦስት ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ያዘነውን ቤት ሁሉ የመጽናናት አምላክ ያጽናው፤ ያስተማሩንን ትሕትና በልባችን ያትምልን፤ እርሳቸውንም ማንም በማያስወጣበት በዘላለም ቤቱ በደስታ ይቀበላቸው።

ቡድኑ አንድ ነገር እንዲነበብ ጠይቋል። በራሳቸው ሕግ መሠረት፣ ሜዳ ውስጥ ስምንት ብለናቸዋል፤ ተቆጥተናቸዋል፤ ዞር በል ብለናቸዋል። አሁን የመጨረሻው ፊሽካ ተነፍቷል። ልጆቹ በየተራ ወደ ፊት መጥተው እጅ ይነሣሉ፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ጌዲዮን ነው።

ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ።